ለልጄ፦ ስለዚያች «ሜ» ስለምትባል ቃል

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስትደውዪ የአዲስ ኪዳን ግሪክኛው ሰዋስው እንዳንገሸገሸሽ ነገርሽኝ። «አባዬ፣ አንድ ‹አይደለም› ለማለት ሁለት ቃል ምን ያደርግላቸዋል?» ስትዪ በጣም ሳቅኩ። መልስ ልሰጥሽ ስጀምር ኔትወርኩ ተቆራረጠብን። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ደረቁን ነገር እንጨርሰው። «ኡ» እና «ሜ» ሁለቱም አፍራሽ ቃላት ናቸው። «ኡ» አልመጣም፣ አላየም ለማለት ነው። ቀጥሎት ያለው ቃል በአናባቢ ሲጀምር «ኡክ»፣ በ«ህ» ድምፅ ሲጀምር «ኡኽ» ይሆናል፤ ሦስት የተለያዩ ቃላት መስለውሽ እንዳትደነግጪ። «ሜ» ደግሞ ለክልከላ፣ ለምኞትና «ቢሆን» ለምንለው ነገር ነው። «አትፍሩ» የሚለው ላይ ያለችው እሷ ናት። የዛሬዎቹ ግሪኮች «ሚ» ይሏታል፣ አንቺ ግን መምህርሽ እንዳለሽ አንብቢያት። ይሄን ሠንጠረዥ መሸምደድ ነው እንግዲህ፣ ከሱ ላድንሽ አልችልም።

ጨዋታው የሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ውስጥ «ኡ» ካለች ጠያቂው «አዎ» የሚል መልስ ይጠብቃል። «ሜ» ካለች ግን የሚጠብቀው «አይ» የሚለውን ነው፣ ወይም ቢያንስ ይጠራጠራል። እናትሽ ስልክ ላይ «መቼም አላመመሽም አይደል?» ስትልሽ መልሱን ራሷ ቀድማ ጨርሳዋለች፣ «አይ ደህና ነኝ» እንድትያት ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ይቺ ሜ ናት። ጃኬት ሳትለብሺ ወጥተሽ ጉንፋን ሲጥልሽ ደግሞ «አልነገርኩሽም እንዴ?» ትላለች። ይቺ ኡ ናት። እኛ በ«መቼም»፣ በ«እንዴ» እና በድምፃችን የምናደርገውን እነሱ በሁለት ፊደል ይጨርሱታል። ደግሞም ያስፈልጋቸው ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን በእጅ የተጻፈውን ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚባለውን የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብታዪ ቃላቱ ያለ ክፍተት ተያይዘው ነው የተጻፉት። አንቺ መጽሐፍ ላይ ያለው ነጥብና ጭረት የመሰለው የጥያቄ ምልክት በኋላ ዘመን የገባ ነው።

አሁን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን አውጪ። ሌሊት ነው። ጴጥሮስ ከበሩ ውጭ ቆሟል። ሊቀ ካህናቱ የሚያውቀው ሌላው ደቀ መዝሙር በረኛዋን አነጋግሮ ያስገባዋል። ቁጥር 17 ላይ በረኛዋ ትጠይቀዋለች፣ ጥያቄዋም በ«ሜ» ይጀምራል። በእኛ አነጋገር «መቼም አንተም የዚህ ሰው ደቀ መዝሙር አይደለህም፣ አይደል?» እንደማለት ነው። የለመድነው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «አይደለህምን?» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ይሄ ደግሞ ለጆሮአችን «ነህ እንጂ!» ወደሚለው ያደላል። ግሪኩ ተቃራኒው ነው። ሴትዮዋ መውጫውን ራሷ ከፍታ ሰጠችው። እሱም «አይደለሁም» ብሎ ሄዶ እሳት ይሞቃል።

ቁጥር 25 ላይ እሳቱ ዳር እያለ ያው ጥያቄ በዚያችው «ሜ» ይመጣል፣ እሱም ያንኑ መልስ ይሰጣል። ሦስተኛው ጠያቂ ግን ሌላ ሰው ነው፦ የሊቀ ካህናቱ ባሪያ፣ ጴጥሮስ ጆሮውን የቆረጠው የማልኮስ ዘመድ! እሱ «ሜ» አይልም። «ኡክ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ «እኔ በአትክልቱ ስፍራ ከእሱ ጋር አላየሁህም እንዴ?» ነው ያለው። ሰውየው አይቶታል፣ የሚጠብቀውም «አዎ»ን ነው። አማርኛው ላይ ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ ግሪኩ ላይ ግን ሁለቱ በር ይከፍቱለታል፣ ሦስተኛው ይዘጋበታል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የመጀመሪያው ነው። ገና ሲገባ ማንም አንገቱን አልያዘውም። ጌታውን መካድ ሲጀምር ጥያቄዋን ተከትሎ እሺ እንደማለት ቀላል ነበር።

ይሄን ግን ወደ ማርቆስ ወይም ወደ ማቴዎስ እንዳትወስጂው። እዚያ ገረዲቱ አትጠይቅም፣ «አንተም ከእሱ ጋር ነበርህ» ብላ ቁርጥ አድርጋ ነው የምትናገረው። ሉቃስም እንደዚያው ነው። ሰባኪዎች አራቱን ወንጌል አንድ ድስት ውስጥ ሲከቱ ይቺ ነገር ትጠፋለች።

ደግሞ አንድ ሕግ አገኘሁ ብለሽ በየቦታው እንዳትለጥፊያት። ዮሐንስ 4፥29ን እዪ። ሳምራዊቷ ሴት እንስራዋን ትታ ከተማ ገብታ ሰዉን ትጠራለች፣ ጥያቄዋም «ሜቲ» ብሎ ይጀምራል፤ ይቺው ሜ ናት፣ «ቲ» ተጨምሮባት። «አይ» የሚል መልስ ብትጠብቅ ኖሮ ለምን አገር ምድሩን ትጠራለች? ሴትዮዋ ጠንቃቃ ናት። «ክርስቶስ እሱ ነው» ብላ ብትደመድም ማን ይሰማታል? ጥርጣሬ አስመስላ አቀረበችላቸውና ራሳቸው ሊያዩ ወጡ። የእኛ ተርጓሚዎች እዚህ ጋ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? «እንጃ ይህ ክርስቶስ ይሆንን?» እንጃ! ከዚህ የተሻለ ትርጉም በየትኛውም ቋንቋ አልገጠመኝም።

ማቴዎስ 26 ላይ ያለው ደግሞ ያስፈራል። ጌታ ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል ሲላቸው ደቀ መዛሙርቱ በየተራ «ጌታ ሆይ፣ እኔ እሆንን?» ሲሉ ሁሉም በ«ሜቲ» ነው የሚጠይቁት፣ «እኔ አልሆንም መቼም» ዓይነት። ይሁዳም እንደነሱ በ«ሜቲ» ይጠይቃል፣ መልሱን እያወቀ። እሱ ግን «ጌታ» አይልም፣ «መምህር» ነው የሚለው።

1ኛ ቆሮንቶስ 12፥29-30ን ራስሽ ቁጠሪው፣ «ሁሉ ሐዋርያት ናቸውን?» እያለ ሰባት ጥያቄ በሰባት «ሜ» ነው። ጳውሎስ እዚያ ምን መልስ እንደሚፈልግ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ዮሐንስ 21፥5 ላይም ጌታ ከባሕሩ ዳር ሆኖ «ልጆች፣ የሚበላ የላችሁም አይደል?» ይላቸዋል። እነሱም «የለንም» አሉ። እዚያ ያለችው «ፕሮስፋጊዮን» የምትባል ቃል እኮ ከእንጀራ ጋር የሚበላ ነገር ማለት ናት፣ እኛ ማባያ የምንለው። ይሄ ከርዕሳችን ይወጣል፣ ግን ሳልነግርሽ ማለፍ አልቻልኩም።

ለሚቀጥለው ዮሐንስ 9፥27ን አንብቢልኝ። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደው ሰውዬ፣ ኢየሱስ ዓይኑን እንዴት እንዳበራለት ፈሪሳውያን ደጋግመው ሲጠይቁት ይሰለችና «እናንተም ደቀ መዛሙርቱ ልትሆኑ ትፈልጋላችሁ እንዴ?» ይላቸዋል፣ በ«ሜ» ነው። እኔ ሹፈት ነው ባይ ነኝ፣ ቀጥሎ «ተሳደቡ» ይላልና። መምህርሽ ምን እንደሚል ጠይቀሽ እሑድ ስትደውዪ ንገሪኝ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆነሽ ደውዪ እሺ?

አባትሽ