ጉዳዩ፦ 126 ሚሊ ሜትር ተብሎ 135 ስለተላከልኝ የብስክሌት የኋላ ቸርኬ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

የትዕዛዜ ዝርዝር፣ የክፍያው ደረሰኝና ከሽያጭ ሠራተኞቻችሁ ጋር የተለዋወጥነው መልእክት ሁሉ በእጃችሁ ስለሚገኝ እሱን በመድገም አላሰለቻችሁም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ማክሰኞ በስልክ የተሰጠኝ መልስ ነው።

ከመክፈሌ በፊት የለመንኋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሞዞውን፣ ማለትም የቸርኬው መሐል ላይ ያለውን ክፍል፣ ስፋት ካሊበር በሚባለው መለኪያ ለክታችሁ 126 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋግጡልኝ ብዬ። ከየት እስከ የት እንደሚለካ ሳይቀር ጽፌላችኋለሁ፦ ከግራው መቆለፊያ ዳዶ የውጭ ፊት እስከ ቀኙ የውጭ ፊት፣ በሞዞው ውስጥ አልፎ ከዳዶው የሚወጣው የፐርኖ (የዘንጉ) ጫፍ ሳይቆጠር። «ተለክቷል፣ 126 ነው፣ አይሥጉ» የሚል መልስ በጽሑፍ ደረሰኝ። አይሥጉ ስለተባልሁ አልሠጋሁም፤ ከፈልሁ።

ዕቃው ባሕር ዳር ደርሶ ስለካው 135 ሆነ። ዓይኔን ተጠራጥሬ ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ወሰድሁት፤ እሱም 135 አለ። በኋላ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጌ ሳይ ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 135 ይላል። መለካቱ ቢቀር ማንበብ ይበቃ ነበር።

ይህንኑ ለማስረዳት ስደውል ስልኩን ያነሣው ወጣት «28 አዘዝህ፣ 28 ላክንልህ፤ ምን ጎደለ?» አለኝ። 28 በኢንች የቸርኬው ቁመት ነው። እኔ የጠየቅሁት ሞዞው በቴላዮው (በብስክሌቱ ዋና አካል) ቸርኬውን በሚይዙት የኋላ እግሮች መካከል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ነው። ይህንን በትዕግሥት ባስረዳው «አባባ፣ ብረት አይደል እንዴ? ፈልቀቅ አድርገህ አስገባው፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ብሎ ንግግሬን ሳልጨርስ ዘጋብኝ። «አባባ» ብሎ «አንተ» ማለትን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ከሁለቱ አንዱን ቢመርጥ ይሻል ነበር።

ብስክሌቶች ለሚሸጥ ድርጅት ይህን ማስረዳት ያሳፍራል፤ ግን ልጁ ስላላወቀው ልጻፈው። የእኔ ብስክሌት አሮጌ የብረት ፔዦ ነው፣ ባለ 6 ማርሽ፣ የኋላ እግሮቹ ስፋት 126። 130 ብትልኩልኝ ኖሮ ቅር እያለኝም ቢሆን እቀበል ነበር፤ ትርፉ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብረት ይችለዋል። 135 ግን 9 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። በጉልበት ተፈልቅቆ ቢገባ እንኳ ፐርኖው የሚቀመጥባቸው ሁለቱ የብረት ጫፎች ትይዩ መሆናቸው ይቀርና ወደ ጎን ያዘነብላሉ። ያኔ ዳዶው ሲጠብቅ ፐርኖውን ያጎብጠዋል፣ ሞዞው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ያለ ጊዜው ይበላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ፐርኖው መንገድ ላይ ለሁለት ይሰበራል። አንደኛው እግር ከሌላው ይበልጥ ከተከፈተማ ጎማው ከመሐል ይወጣል። ይህ ለብረት ነው። ሠራተኛችሁ ይህንኑ ምክር አልሙኒየም ቴላዮ ላለው ሰው ቢሰጥ ስንጥቁ በማን ላይ ሊቆጠር ነው?

እስከ ዛሬ ብዙ ነገር በዝምታ አልፌያለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጥንድ ፔዳል አዝዤ ሁለቱም የቀኝ ሆነው መጡ። የግራው መጠምዘዣ ጥርስ ተገላቢጦሽ ስለሆነ አንዱ እስከ ዛሬ መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። ያኔም «እናያለን» ተባልሁ፤ ያየ የለም። የመላኪያ ዋጋም በስልክ ከተነገረኝ በላይ ሲጠየቅ ምንም ሳልል ከፍያለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው በካሊበር ተለክቶ 126 የሆነ ቸርኬ እንዲላክልኝ፣ የመመለሻውም ሆነ የመላኪያው ወጪ በድርጅቱ እንዲሸፈን ነው። ምትኩ ከሌላችሁ ገንዘቤ፣ የቸርኬውም የመላኪያውም፣ ይመለስልኝ። ያንን ቀሪ ፔዳልም አብራችሁ አስቡት፤ የግራውን ላኩ ወይም ዋጋውን ተሳሰቡልኝ። ስልክ ለዘጋብኝ ሠራተኛም የሚነገረው ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ይቅርታውን ግን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ነው የምፈልገው።

እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ መልስ ካልደረሰኝ «ተለክቷል» ያላችሁበትን መልእክትና የካርቶኑን ፎቶ አያይዤ ለንግድ ቢሮ አቤት እላለሁ።

ቸርኬው ከመለካት በቀር አልተነካም፤ ከነካርቶኑ አለ። ምትኩን ከማሸጋችሁ በፊት ካሊበሩ ሞዞው ላይ እንዳለ ቁጥሩ የሚነበብበት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። «አይሥጉ» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር
የባሕር ዳር ደንበኛችሁ