ቤቱን አይሽጡ

ለተከበሩ አባቴ፣ ባሕር ዳር

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከፍልሰታ ወዲህ ዝም ማለቴ በደል ነው፤ የሥራ ሰዓቴ ወደ ሌሊት ስለ ዞረ ነው ብዬ ልለፈው። ይህን የምጽፈው ግን ስኳርዎን «በስቴም ሴል» (ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊወልድ በሚችል እናት ሕዋስ) የሚያድን ሐኪም ቤት ውጭ አገር አለ ተብለው ቤቱን ሊሸጡ መሆኑን እህቴ ስለ ነገረችኝ ነው። «ልጅዎም እኮ እዚያው ነው የሚሠራው» መባሉንም ሰማሁ።

አባባ፣ ጎረቤቱ ዶክተር ቢለኝም እኔ የምርምር አይጦችን የምመግብና ቤታቸውን የማጸዳ ሰው ነኝ፤ ቀድሜ አለመናገሬ ጥፋቴ ነው። ሆኖም ከእነርሱ ጋር ስውል የተረዳሁትን ላስረዳዎ። ተመራማሪዎች የአንድ ሕዋስ ዘር የት እንደሚደርስ ለማወቅ በዘረመሉ ላይ ምልክት ያኖራሉ። እርስዎ በጥጃ ጆሮ ላይ የሚያደርጉት ምልክት ከጥጃው አያልፍም፤ ይህ ግን ይወረሳል። ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት ለአይጧ ሲሰጥ፣ በተመረጡት ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ክሪ የሚባል ኢንዛይም ከዘረመሉ ቁራጭ ቆርጦ አውጥቶ ተዘግቶ የነበረውን ምልክት ይከፍተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ልጁም የልጅ ልጁም ምልክቱን ይዞ ይወለዳል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪው የዳግላስ ሜልተን ቡድን ኢንሱሊን በሚያመነጩት የአይጥ ቆሽት ሕዋሳት ላይ እንዲህ ምልክት አደረገ። አዲሶቹ ሕዋሳት ምልክት ከሌለው ስቴም ሴል የሚወለዱ ቢሆን ኖሮ የባለ ምልክቶቹ ድርሻ እያደር ባነሰ ነበር፤ ግን አላነሰም። ከቆሽቱ ብዙው ተቆርጦ እንኳ አዲሶቹ በዋናነት የተወለዱት ከነባሮቹ ከራሳቸው ነበር። ስለዚህ በደም ሥር የተወጋ ስቴም ሴል ቆሽትዎ ገብቶ ኢንሱሊን ያመነጫል የሚልዎት ሰው፣ ምልክት አድርጎ ተከትሎ ያየበትን ያሳይዎ። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ከስቴም ሴል ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋስ በቤተ ሙከራ መሥራቱን አልደብቅዎትም፤ እርሱ ግን የዓመታት ድካም እንጂ ቤት ተሽጦ የሚገዛ መርፌ አይደለም።

ሜልተን ወደ ስኳር ምርምር የገባው ልጁ ታሞበት ነው። ይህን ባነበብሁ ሌሊት፣ አባት ለልጁ ይህን ያህል ከደከመ እኔ ለአባቴ ምን አደረግሁ ብዬ አፈርሁ።

የላክሁት ገንዘብ ለኢንሱሊንዎና ለእህቴ ሠርግ ነው። መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ በተከበበችው ማሰሮ ማኖርዎን አይተዉ። ዳሱ በጥር በጓሮ በኩል፣ ጣናና ደንገሉ በሚታዩበት ይጣልልኝ፤ ሙሽራዋ ስትወጣም ስልኩን ወደዚያ ያዙሩልኝ።

ልጅዎ