መስማት የተሳናቸውን ጋብቻ በዘር ሰበብ አታፍርሱ

ለአዘጋጁ፦

በቅርቡ እዚህ ጅማ፣ መስማት የተሳናት የጎረቤታችን ልጅ እንደ እሷው መስማት በተሳነው ወጣት ተጠይቃ ሽማግሌ መጣ። አጎቷ «ደንቆሮ ከደንቆሮ ተጋብቶ ምን ሊወለድ ነው?» ብለው መለሷቸው። ልጅቷ ረከቦቱ አጠገብ ሆና ከንፈራቸውን ታነብ ነበር። ሲኒውን አስቀምጣ ወጣች።

እኚህ ሰው የፈሩት ነገር እንኳ እንዳሰቡት አይደለም። የመስማት ችግር የሚያስከትሉት ጂኖች (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ የዘር ቅንጣቶች) ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በሁለቱም ወላጆች በኩል ካልመጡ አይገለጡም። ለዚህ ነው መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ ከሚሰሙ ወላጆች የሚወለዱት። በሌላ በኩል ሁለቱ ተጋቢዎች መስማት እንዲሳናቸው ያደረገው ጂን የተለያየ ከሆነ ልጆቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሰማሉ። በማጅራት ገትር መስማት ያጣ ሰውማ ችግሩን ለልጁ አያወርስም።

ደግሞስ ልጁ ባይሰማ ምን ይሁን? በምልክት ቋንቋ የሚያሳድጉት ወላጆች አሉት። «ዘር እናጥራ» የሚለው አስተሳሰብ የት እንዳደረሰ ታሪክ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚ ጀርመን ባወጣችው ሕግ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ ተደርጓል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 23 ደግሞ የማግባትና ልጅ የመውለድ መብታቸውን በግልጽ ያረጋግጣል።

የዘረመል ምርመራ የሚፈልጉ ጥንዶች ምክሩን በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በራሳቸው ፈቃድ ያግኙ። ውጤቱም ለእነርሱ ብቻ ይነገር፤ ለአጎትም ለሽማግሌም አይደለም።

አንዲት የጅማ መምህርት