«ስቴንለስ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሥራ ውሉ ላይ «የስቴንለስ መደገፊያ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አቅራቢው 201 የሚባለውን ርካሽ የስቴንለስ ዓይነት ቢያመጣ የሚጠይቀው የለም። 201 ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ነው። አዲስ ሳለ 304 ከሚባለው የተሻለ ዓይነት በዓይን አይለይም፤ ማግኔትም ሁለቱን ስለማይለይ በማግኔት መፈተኑ ከንቱ ድካም ነው። የፋብሪካውን የምርመራ ሰርተፊኬት ይጠይቁ።

ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከአየር ጋር የሚሠራው እጅግ ስስ ሽፋን ነው። እንደ ጨውና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባሉ ነገሮች ውስጥ ያለው ክሎራይድ ያንን ሽፋን ይበሳዋል። ለቤት ውስጥ ደረጃ መደገፊያ 304 ይበቃል፤ ጅቡቲን በመሰለ የባሕር ዳርቻ ግን ሞሊብዲነም የተባለ ብረት የተጨመረበት 316 ያስፈልጋል፤ እሱም ገጽታው ለስልሶ ካልተወለወለ ጨው ይዞ ቡናማ ይሆናል። ደህናው ብረት ሳይቀር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ርክክብ ሳይደረግ ነው፦ ሴራሚክ ላይ የቀረ ሲሚንቶ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲታጠብ፣ ወለል በበረኪና ሲወለወል፣ ተራ ብረት የቆረጠ ዲስክ ስቴንለሱ ላይ ሲያርፍ። ብየዳው ዙሪያ የሚቀረው ሰማያዊና ቡናማ ቀለምም ጌጥ አይደለም፤ እዚያ ቦታ ሽፋኑ ተዳክሟል፣ በማጽጃ ፓስታ ተነሥቶ በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የዝግ መዋኛ ገንዳዎች ኮርኒስ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኡስተር በተባለች ከተማ በ1985 እ.ኤ.አ. በስቴንለስ ዘንጎች የተንጠለጠለ የኮንክሪት ጣሪያ ገንዳው ላይ ወድቆ 12 ሰዎች ሞተዋል። ከውኃው የሚነሣው የክሎሪን ውህድ ያለበት እንፋሎት ዘንጎቹ ላይ ይጠራቀማል፤ ከላይ ያለ ብረት ደግሞ ውኃ ስለማይረጨው አይታጠብም። ጭነት የተሸከመው ዘንግ ከገጽታው ወደ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ውጪው እምብዛም ሳይዝግ በድንገት ይበጠሳል። 316 ከዚህ አያድንም። የአውሮፓ የግንባታ ደንብ ለማይጸዱ ተሸካሚ ክፍሎች የሚፈቅደው በአውሮፓ የብረት መለያ ቁጥር 1.4529፣ 1.4547 እና 1.4565 የተባሉትን የስቴንለስ ዓይነቶች ብቻ ነው። እነዚህ ካልተገኙ ማንጠልጠያው በሌላ መንገድ ይነደፍ፤ 304 ግን አይተካቸውም።

የቤት ውስጥ ገንዳ ያላችሁ የሆቴል ባለቤቶች ኮርኒሱን አስከፍታችሁ ዘንጎቹንና ብሎኖቹን በመሐንዲስ አስመርምሩ። የብረታቸው መለያ ቁጥር የማይታወቅ ከሆነ እስኪረጋገጥ ድረስ ከሥሩ ሰው አይዋኝ።