ለልጄ፦ ስለ ግራዋ የፊት ጎማ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ያው እንደምታውቂው ነው፤ ሐኪሙ ደረጃ አትውጣ ይለኛል፣ ቤታችን ደግሞ ያለ ደረጃ አይገባም። እናትሽ የላክሽውን የመኪናሽን ፎቶ ለጎረቤት አዳርሳ ስትጨርስ አሁን መቆጨት ጀምራለች። ዝናብ በማያባራበት አገር ጣራ የሌለው መኪና መሥራት ምን ይሉታል ትላለች። መልስ የለኝም፤ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

እውነቱን ልንገርሽና፣ መኪና በካርቶን ገዛሁ ያልሽኝ ቀን የተታለልሽ መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን የምፈታው ቀድሞ መኪና የነበረውን ነው። ወንድምሽ ታሪኩን ሲያነብልኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ኮሊን ቻፕማን የሚባለው እንግሊዛዊ ሎተስ ሰቨንን በ1957 በእነርሱ አቆጣጠር ሲያወጣ፣ የተገጠመ መኪና ግብር ነበረበት፣ ተበታትኖ የተሸጠው ግን አልነበረበትም። ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጥማል። ግብሩ በ1973 ሲቀየር ጥቅሙ ቀረ፤ ካተርሃም የሚባለው ድርጅትም በዚያው ዓመት መብቱን ገዝቶ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራዋል። ያንቺውም የዚያ ዘር ነው። ከግብር ለማምለጥ የተገኘ ብልሃት መሆኑን ስሰማ መኪናውን ወደድኩት፤ ይህንንማ የደሴም ነጋዴ ያውቅበታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፍሬን ስይዝ የግራዋ የፊት ጎማ ከሌሎቹ ቀድማ ትቆማለች፣ መኪናውም ይንሸራተታል ብለሻል። በዚያው መልእክት ላይ ደግሞ ባንድ ቅዳሜ የፍሬን ሸራ መቀየርሽን፣ ሞላዎቹን ማጥበቅሽን፣ የጎማውን ንፋስ መቀነስሽንና የጎማዎቹን አቅጣጫ፣ አላይመንቱንም መነካካትሽን ጽፈሻል። ከዚያ በኋላ ትንሽ የተሻለው ይመስለኛል ትያለሽ። የትኛው ነው ያሻለው? ምናልባት አንዱ አሻሽሎ ሦስቱ አበላሽተው ይሆናል። እኔ እዚህ ተቀምጬ ልለየው አልችልም፤ አንቺም አጠገቡ ቆመሽ አትለዪውም።

ደግነቱ ከዚያ ቅዳሜ በፊት እያንዳንዱን ጎማ በየራሱ ሚዛን ላይ አውጥተሽ የለካሽውን ልከሽልኛል። አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ የፊት ግራ 121፣ የፊት ቀኝ 149፣ የኋላ ግራ 152፣ የኋላ ቀኝ 148 ኪሎ። ድምሩ 570 ነው፤ አንቺን ብንቀንስ መኪናው አምስት ኩንታል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አንድ አይሱዙ ዐሥሩን ጭኖ ይሄዳል! እኔ ያደግኩት በኤን ትሬ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነው፤ በዚያ ላይ ሠላሳ ኪሎ ወዲህና ወዲያ ቢል ሾፌሩም አይሰማው። ያንቺው ግን ቀላል ስለሆነ ጥፋቱን አይደብቅም።

ቁጥሮቹን በሰያፍ ደምሪያቸው። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ 269፣ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ 301። ሁለቱ እኩል መሆን ነበረባቸው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ የትም ብታስቀምጪው አይወዛወዝም፤ ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ግን አንድ እግሩ ካጠረ ክብደቱ በሁለቱ ሰያፍ እግሮች ላይ ያርፋል። የግራዋ የፊት ጎማ ያቺ አጭር እግር ናት። መሬቱን የምትጫነው በቀላሉ ነው፤ ፍሬኑ ግን ከቀኟ እኩል ይይዛታል። ታዲያ ቀድማ ብትቆም ምን ይገርማል? ፍሬኑ ጤነኛ ይመስለኛል፤ የቀየርሽው ሸራ ገንዘብሽን በላ እንጂ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሺ። አሮጌውን ሸራ ጭምር፤ ካልጣልሽው። የጎማውን ንፋስ አስተካክዪ፣ ወለሉ ውኃ ልክ መሆኑን እዪ፣ መኪናው ሲታጠፍ እንዳያዘነብል የፊቱን ግራና ቀኝ የሚያገናኘውን ዘንግ ፍቺ፣ አለበለዚያ ሚዛኑን ያታልልሻል። ከዚያ ሞላው የሚቀመጥበትን ቀለበት በፊት ግራና በኋላ ቀኝ ግማሽ ዙር ከፍ፣ በሌሎቹ ሁለት ግማሽ ዙር ዝቅ አድርጊ። መኪናውን ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፍተሽ እንዲረጋ ካደረግሽ በኋላ እንደገና ለኪ። የግራና የቀኙ ድምር ቀለበት በማዞር አይለወጥም፣ የፊትና የኋላውም እንዲሁ፤ አንቺ በቀኝ ስለምትቀመጪ ቀኙ ምንጊዜም ይከብዳል። የሚለወጠው ሰያፉ ብቻ ነው። አላይመንቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ በግንበኛ ሲባጎ ከሁለቱ ጎን ገመድ ዘርግተሽ በማስመሪያ ብትለኪ ይበቃሻል።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፤ ባዶ ቦታ ላይ ስትሞክሪ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው ከቆሙ ወዲያው ተዪው። የፊቱ ቢንሸራተት ቀጥ ብለሽ ትሄጃለሽ። የኋላው ቢንሸራተት ግን ፊትሽን ወደ መጣሽበት ያዞረዋል።

ለምን በዚህ ነገር እንደምጨቃጨቅ ልንገርሽ። በ1979 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ ስሠራ የአንድ ነጋዴ ፊያት 124 ጥቁር ጭስ እየተፋ መጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ሞተር የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ስለዚህ ቤንዚኑን ከአየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የምትለካዋን ባለ ቀዳዳ ብሎን በጠባብ ቀየርኩ፤ ትክክል ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ አላቆምኩም። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታም አስቀደምኩት፤ መኪናው የጦሳን ዳገት እንደ ሚዳቋ ወጣው። ሰውየው ተደስቶ ጉርሻ ሰጠኝ፤ ሐረጎን ወርዶ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አልፎ ወደ አሰብ ጉዞውን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን መኪናው በኤን ትሬ ተጭኖ ተመለሰ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ስናነሣ ሦስተኛው ፒስተን ላይ ጣቴ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘን። በረሃው ላይ አየሩ ወፍራም ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚመጣው ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ ብልጭታውም ያለ ጊዜው ይመጣል። ዋናው መካኒክ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ የትኛው ነው ያቃጠለው? አላወቅሁም። እስከ ዛሬም አላውቅም፤ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የነካኋቸው። የአራት ወር ደመወዜ ሄደ። ለእናንተ ግን ታሪኩን ስነግራችሁ ጥፋቱን ሁልጊዜ በአሰብ ቤንዚን ላይ አሳብብ ነበር።

ያ ሰማያዊ ደብተሬ የተጀመረው በማግሥቱ ነው። ቀኑ፣ የነካሁት ነገር፣ ስንት ዙር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ፤ በአንድ ቀን ከአንድ መሥመር አይበልጥም። ለአንቺም ደብተር ግዢ። በስልክ ላይ አትጻፊው፣ እጅሽ ግራሶ ሲሆን አትከፍቺውም።

ካርቡራተሮቹ ዌበር ናቸው ስትዪኝ ሳቅሁ። ጣሊያን አገር ቦሎኛ የተጀመረ ሥራ ነው፤ የዚያ ፊያትም ካርቡራተር ዌበር ነበር። ያንቺዎቹ ሁለት ስለሆኑ አየር እኩል መሳብ አለባቸው። እኔ በዘመኔ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ፣ ሌላውን አፋቸው ላይ አድርጌ ፉጨታቸውን አመሳስል ነበር። አንቺ ባለ ቀስት መለኪያ ካለሽ በእርሱ ሥሪ፤ ቀጭኑን ፉጨት ጆሮዬ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ደግሞም ማን አስተማረሽና በጆሮ ትሠሪያለሽ። ወንድምሽን መብራት ያዝልኝ እያልኩ ጋራዥ አስመሸው ነበር፤ አንቺን ግን ሻይ አምጪ ከማለት ያለፈ ነገር አላልኩሽም። እርሱ አሁን የሞባይል ሱቅ ከፍቷል። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ካርቡራተሩን ግን ከሚዛኑ በፊት እንዳትነኪው። ሚዛኑ ሲያልቅ ሞተሩን አሙቀሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ጠንከር አድርገሽ ንጂው፣ ወዲያው አጥፊና ብልጭታ የሚሰጡትን አራቱንም ካንዴላ ንቀዪ። ጫፋቸው ገና መቅላት የጀመረ ቡና ከመሰለ መልካም ነው። ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቷል። ነጭ ከሆነ አትንጂው፣ የነጋዴው ፒስተን ትዝ ይበልሽ።

አዲሶቹን አራት ቁጥሮች ላኪልኝ፤ የካንዴላዎቹንም ፎቶ። ደጅ አውጥተሽ በፀሐይ ብርሃን አንሺው። ባለፈው የላክሽው ላይ ጥቁሩ ጥላሸት ይሁን የእጅሽ ጥላ መለየት አቅቶኝ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ወልውያለሁ።

አባትሽ