ስለ ስኪ ዕቃ ንግድ፣ ለወንድሜ ለዳዊት

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ዳዊት፤

ሐዋሳ እንዴት ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ቪዛህ ማለቁን ሰምተን ቤቱ ሁሉ በደስታ ተሞልቷል። መስከረም ላይ ስትደርስ የሱቁ ሥራ የሚሟሟቅበት ጊዜ ስለሆነ፣ በስልክ የጠየቅከኝን ያገለገለ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ ዕቃ ንግድ ከወዲሁ እንድታውቀው በጽሑፍ አድርጌልሃለሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን ያዝ። የዚህ አገር ክረምት እኛ በጋ የምንለው ነው። ሰው ዕቃውን በርካሽ የሚያወጣው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ማለቂያው ሲደርስ ነው። የሚፈልገው ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ። ከየካቲት ወዲያ ለመሸጥ የሚወጣ ሰው ዋጋ አያገኝም። የልጆች ዕቃ ግን ልጅ በየዓመቱ ስለሚያድግ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው።

ብዙ ሰው የስኪውን ቀለም አይቶ ይገዛል። አንተ ዓይንህን መጀመሪያ ጫማውን በሚይዘው ባይንዲንግ ላይ ጣል። አምራቾቹ እስካሁን ኃላፊነት የሚወስዱባቸውን የባይንዲንግ ዓይነቶች በየዓመቱ በዝርዝር ያወጣሉ። ከዝርዝሩ የወጣውን የሱቅ ቴክኒሻን አይነካውም፤ አደጋ ቢደርስ ካሳው በሱቁ ላይ ይወድቃልና። ስለዚህ ስኪው ቢያብረቀርቅም ገዢው የሚያስተካክልለት አያገኝም። እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጡህም አትቀበል።

በባይንዲንጉ መስኮት የሚታየው ቁጥር ዲን ይባላል። ሰው ሲወድቅ ጫማው በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ ይወስናል። ቁጥሩ የሚወጣው ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጫማው ሶል ርዝመትና ከችሎታ ተነሥቶ ነው። ሲያንስ ያለ ሰዓቱ ይለቃል፤ ሲበዛ ጨርሶ ሳይለቅ እግር ይሰብራል። በግምት አታዙረው። ለገዢው «በራስህ ጫማ ቴክኒሻን ያስተካክልልህ» ብለህ ንገረው፤ ደረሰኙም ላይ ጻፈው። ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ነጋዴ በጣም ያናድደኛል፤ ጉዳዩ የሰው ጉልበት ነውና።

ወደ ስኪው ስትመለስ፣ ሁለቱን ሆድ ለሆድ (በረዶ በሚነካው ሥራቸው በኩል) ግጠምና ከጫፍ በኩል አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እይ። የብስክሌት ቸርኬ አዙረህ መወላገዱን የምትለይበት ዓይን እዚህም ይሠራልሃል፤ ብርሃን በአንድ ጎን ብቻ ከገባ አንዱ ተጣምሟል። ቀጥለህ የጠርዙን ብረት በአውራ ጣትህ ጥፍር ዳብስ። ቀላል ዝገት በሚፈገፍግ ላስቲክ ይወጣል። የተሰነጠቀ ወይም ከቦታው የወጣ ብረት ግን አይጠገንም ብለህ ተወው። ሆዱ ላይ ያለ ጭረት በቀለጠ ፕላስቲክ ይሞላል። የውስጡ እንጨት ከታየ፣ በተለይ ከእግር ሥር ወይም ከጠርዙ አጠገብ፣ ውኃ ገብቶ ያብጣልና ይቅርብህ። የኋላውን ጫፍ ደግሞ በጣቶችህ ለያይተህ ሞክር። ንብርብሮቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከተከፈቱ ማጣበቂያው ለቋል። ቀጥ ብለው ወደ 2 ሜትር የሚረዝሙት፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በፊት የተሠሩት፣ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለመንዳት ገዢ የላቸውም።

ጫማው ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው፣ ለምሳሌ 27.5፣ የእግር ርዝመት በሳንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛው፣ ለምሳሌ 315፣ ተረከዙ ጎን የተጻፈው የሶሉ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፤ ባይንዲንጉ የሚስተካከለው በዚህ ነው። ገዢ ሲለካ የውስጡን ለስላሳ ጫማ አውጣና ባዶውን ቅርፊት አስለካው። ጣቶቹ ፊት ለፊት ሲነኩ ከተረከዙ ኋላ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ከቀረ ልኩ ነው። ሶሉ ከተበላ ባይንዲንጉ በትክክል አይለቅም። ፕላስቲኩም ያረጃል። ከ10 ዓመት ያለፈውን በመቆለፊያዎቹ ዙሪያ የፀጉር ስንጥቅ እንዳለው መርምር፤ በብርድ ድንገት ይፈነዳል። የራስ ቁር ጨርሶ አትግዛ፤ በአንድ ግጭት ውስጡ የተጎዳ አረፋ ከውጭ አይታይም።

ስታጸዳ ውኃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ባይንዲንጉ ውስጥ ግሪስ ስላለ ዘይት የሚያጥብ ኬሚካል አታስነካው። በመጋቢትና በሚያዝያ የገዛኸውን ሆዱንና ጠርዙን በሙቅ ሰም ሸፍነህ አስቀምጥ፤ ሰሙን የምትፍቀው በመስከረም ነው። ያኔ ለሽያጭ ፎቶ ስታነሳ የሆዱን፣ የጠርዙን፣ የባይንዲንጉን ስምና የሶሉን ቁጥር በቅርብ አንሳ። ጭረቱንም አትደብቅ፤ ገዢ አይቶት ከመጣ በዋጋ አይከራከርህም። ለርዝመት መመሪያው ስኪው ቆሞ በአገጭና በራስ አናት መካከል መድረሱ ነው። አንድ ክረምት ብቻ የተነዳ ጥሩ ስኪ የአዲሱን ግማሽ ካወጣ እኔ ደስ ይለኛል።

መሣሪያ ከዚያ አትሸከም። የባይንዲንግ ቡሎን የመስቀል ቢመስልም ተራው የመስቀል ካቻቢቴ ጭንቅላቱን ይላጨዋል፤ የሚፈልገው ፖዚድራይቭ 3 ቁጥር ነው፤ እዚህ አለ። ለእማዬ የላክሁትን የጉልበት ማሰሪያ ትጠቀምበት፤ ወንድም እህቶቻችንን ሁሉ ሳምልኝ።

እህትህ ሰላም