የገደሉ መንገድ ከበልግ በፊት ይጠገን፦ ለቀበና ወንዝ ዳር የእግር መንገድ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ የቀበና ልጆች፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። እንደምታውቁት ነሐሴ ማብቂያ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ የታችኛውን የድጋፍ ግንብ አፍርሶታል፤ መንገዱም አብሮ ተቆርጧል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፣ ፈጣሪ ይመስገን። መዋጮ ለምነን ሳንጨርስ ይህ በመምጣቱ ግን የኮሚቴው ጉልበት ዝሏል፤ ይህን ከእናንተ አንደብቅም።

«እስከ ዛሬ ያዋጣነው ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በእድሩም በቡና ላይም እየተነሳ ነው። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። የወደቀው ግንብ ኮሚቴው ከመቋቋሙ በፊት የተሠራ ነው። በእናንተ መዋጮ የተሠሩት የላይኛው የድንጋይ ደረጃ፣ ለአዛውንቶች የተተከለው የብረት መደገፊያና የጎርፍ መውረጃው ቦይ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው፤ ወርዳችሁ እዩዋቸው። የወይራና የጽድ ችግኞቹም ጸድቀዋል። ለጥበቃው የሚከፈለው ደሞዝ ብዙ ነው ያላችሁም አላችሁ። ያ ሰው ባይኖር መደገፊያው ብረት ተነቅሎ በተሸጠ ነበር።

ግንቡን የጣለው ውሃ ነው። ከጀርባው ያለው አፈር ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከረመ፤ ግንቡ ማስወጫ ቀዳዳ ስላልነበረው ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፊት ገፋው። ከሥር ደግሞ ደራሹ መሠረቱን ቦረቦረው። ቀበና ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ በመሆኑ ተራራው ላይ ሲጥል እኛ ጋ ሳያካፋ እንኳ ሊሞላ ይችላል። ከላይ አስፋልቱና ጣሪያው በበዛ ቁጥር መሬቱ የሚመጠው ውሃ እየቀነሰ፣ ጎርፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወንዙ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው በጋቢዮን ነው። በሽቦ ሳጥን ውስጥ ድንጋይ ይደረደራል፤ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ስለሚያልፍ ከጀርባ አይጠራቀምም፤ መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥም ሳጥኑ አብሮ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ሳጥን 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈጃል። በቀጣዩ ክረምት ከበላዩ ቬቲቨር ሣር እንተክላለን፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ እስከ 3 ሜትር ስለሚወርድ አፈሩን አጥብቆ ይይዛል። ሳጥኖቹ የሚቀመጡት ግን ወንዙ ጎድሎ መሠረቱ በሚቆፈርበት ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የካቲት ላይ የበልግ ዝናብ ከቀደመን የቀረውም መንገድ ይናዳል።

ይህ መንገድ ለኛ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሄደበት ነው። ሐኪም «በእግርህ ሂድ» ያለው የስኳር ሕመምተኛ፣ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ ተማሪ፣ ከኪዳን የምትመለስ እናት ሁሉ መኪና ሳያሳስባቸው ይሄዱበታል። መስከረም ላይ አደይ አበባው ከአፋፉ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ጥቅምት ላይ ጭቃው ይደርቅና የጠዋቱ ብርድ ፊት ይቆነጥጣል። መጋቢት ላይ ከላይ አስፋልቱ ሲግል ከታች በዛፎቹ ጥላ ሥር እፎይ ይባላል። በክረምትም ቢሆን፣ ደረጃው ከተሠራ ወዲህ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ይወርድ ነበር፤ ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ዝናቡን የሚጠመቁት እዚያው ነው። ወንዙ ገና አልጸዳም፣ በበጋ ውሃው ሲጎድል ሽታው ይበረታል። ቢሆንም ሰው የሚመላለስበት ገደል ላይ ቆሻሻ የሚደፋ ቀንሷል። መንገዱ አንድ ዓመት ከተዘጋ ግን ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ በሌሊት መውረዱ አይቀርም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው።

«መንግሥት ይሠራዋል» የምትሉም አላችሁ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን ዕቅድ እንደግፋለን፤ በከተማችን የተሠራውንም አይተን ደስ ብሎናል። በልጉ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ለክርስቲያኑ መንገድ ማቅናት ምጽዋት ነው፤ ለሙስሊሙም ሰው እስከተጠቀመበት ድረስ ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ ነው። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈራቸውን እየጠረጉ አጥነዋል። ዘንድሮም በዚያው ቀን ገደሉን አብረን እናጸዳለን፣ ድንጋይም እናቀብላለን። ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ ይምጣ።

ከአንድ ቤተሰብ የምንጠይቀው 500 ብር ነው። የቻለ የአንድ ሳጥን ሙሉ ወጪ ይሸፍን፤ ጎረቤታሞች ተጋርታችሁም መሸፈን ትችላላችሁ። ክፍያው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በእድራችን ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ ሦስቱም ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩ በእድሩ ቢሮ ሰሌዳ ላይና በመዋጮ ደብተራችሁ ጀርባ አለ፤ እየተቀባበለ ሲላክ እንዳይቀየር ብለን እዚህ አልጻፍነውም። በቴሌብር የምትከፍሉም ወደዚሁ ባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። በውጭ ያላችሁ ቁጥሩን ከቤተሰባችሁ ደብተር ላይ አስነብቡ።

ደግመን እናሳስባለን፦ በእድሩ ስም ወደተከፈተው ሒሳብ ብቻ፣ እስከ ኅዳር 12። በግለሰብ ስም የሚላክላችሁን ቁጥር አትቀበሉ፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም። ከከፈላችሁ በኋላ የባንኩን ደረሰኝ ለገንዘብ ያዡ አሳዩና ማኅተም ያለበትን የእድሩን ደረሰኝ ተቀበሉ። ቢሮው ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው።

የገደሉ መንገድ ጥገና ኮሚቴ